የሲአርፒን ውጤት ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ሰውነት ውስጥ ብግነት (ሰውነት ለኢንፌክሽን ወይም ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ) ሲነሳ በደም ውስጥ ይበዛል። ቦርጭም ቀስ አድርጎ ያስነሳዋል፤ ሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ጉበትን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች ይለቃልና። ከስኳርና ከልብ ሕመም ጋር ስሙ የሚነሳውም በዚህ በኩል ነው።

ታሞ መመርመር

ጉንፋን ይዞዎት ወይም ጥርስዎ መግሎ ከሆነ ቁጥሩ ስለ ልብዎ ምንም አይነግርዎትም። በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ኢንፌክሽን ነው። ከዳኑ በኋላ ይድገሙት።

የትኛው ሲአርፒ እንደሆነ አለመጠየቅ

የተለመደው ምርመራ ለኢንፌክሽን ነው። ለልብ የሚያገለግለው ትንሿን ለውጥ የሚለየው ኤችኤስ ሲአርፒ ነው። በእሱ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ስጋት ይባላል። መለኪያውንም ይዩ። በዴሲሊትር ከተጻፈ በ10 ያባዙት፤ 0.5 ያለው ወረቀት 5 ማለቱ ነው። እዚህ ጋ መሸወድ ቀላል ነው።

ቁጥሩን ራሱን ለማከም መሮጥ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሲአርፒ መርዶ ነጋሪ እንጂ ገዳይ አይደለም። በዘር ምክንያት ሲአርፒያቸው ዕድሜ ልክ ከፍ የሚል ሰዎች ተጠንተዋል። በዚያ ብቻ የልብ ሕመማቸው አልጨመረም። ስለዚህ «ሲአርፒ ያወርዳል» ለሚል ዱቄትና እንክብል ብር አይበትኑ። ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉን፣ ሲጋራውን፣ ቦርጩን ነው መያዝ።

እዚህ ላይ ጁፒተር የተባለውን ጥናት የሚጠቅሱ አሉ። ውጤቱ በ2008 የወጣ ሲሆን 17,802 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ኮሌስትሮላቸው ብዙም ከፍ ያላለ፣ ሲአርፒያቸው ግን 2 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ነበሩ። ሮሱቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒቶች አንዱ) የወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክን የመሰሉ አደጋዎች በ44 በመቶ ቀነሱ። ነገር ግን መድኃኒቱ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮልም (ኤልዲኤል) በግማሽ አውርዶታል። ጥቅሙን ሁሉ ለሲአርፒ መስጠት አይቻልም።

ስኳርን ፈርቶ ስታቲን ማቆም

በዚያው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 3 በመቶው፣ ካልወሰዱት 2.4 በመቶው በስኳር ተይዘዋል። ልዩነቱ አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ከልብ አደጋው ጋር የሚመዝንልዎት ሐኪምዎ ነው፤ ሳይነግሩት አያቋርጡ።

ሲአርፒን የስኳር ምርመራ ማድረግ

አይደለም። ለዚያ በጾም የሚለካው ስኳር ወይም ኤዋንሲ (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳይ ምርመራ) አለ። ኤዋንሲ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ነው፣ ሲአርፒው ምንም ይበል ምን።