ያልተለመዱ የቼዝ ጠጠሮች፤ አካሄዳቸውን ማስተማርና በእነሱ መጫወት

የቼዝ ሰሌዳ ያለው ሰው ከስድስቱ የታወቁ ጠጠሮች ውጭ በሆኑ ጠጠሮች ለመጫወት አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም። ጥቂት የለስላሳ ቆርኪ፣ አንድ ማርከርና አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ይበቃዋል። በቆርኪው ላይ የጠጠሩ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይጻፍበታል፤ ሁለቱን ወገኖች ለመለየትም ዳማ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት የአንዱን ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላውን በጀርባው ማስቀመጥ ነው። ቡናውን የመረጥኩት ጅማ ውስጥ ከማንም ቤት ስለማይጠፋ ነው። ጠጠሩን ባዶ ሰሌዳ ላይ አቁመው ሊደርስበት በሚችለው የሰሌዳው ቤት (አራት ማዕዘን) ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ ሲያስቀምጡ፣ በቃል ቢነገር የማይያዘው አካሄድ በዓይን ይታያል።

በየቅዳሜው ለሰፈራችን ልጆች ቼዝ አሳያለሁ። መጀመሪያ ላይ ሦስት አዳዲስ ጠጠሮችን በአንድ ቀን አስገብቼ ነበር፤ ልጆቹ አንዱን ከሌላው እያምታቱ ጨዋታውን ሳይጨርሱ ተዉት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ከአንድ ጠጠር በላይ አላስገባም፤ የምጀምረውም ሰንጠረዥ በተባለው የሀገራችን ጥንታዊ ቼዝ ከኖሩት ጠጠሮች ነው።

በሰንጠረዥ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል ደግሞ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘልሎ ያርፋል፤ በመካከል ያለው ቤት ቢያዝም አያግደውም። ደር በቁመትና በጎን ቀጥ ብሎ እንደሚሄደው ሩክ፣ ፈረስም እንደዛሬው ፈረስ ስለሚሄዱ ጊዜ አይወስዱም። ዛሬ በፈርዝና በፊል ቦታ የሚቆሙት ንግሥትና በሰያፍ የሚሄደው ቢሾፕ የዛሬውን ረጅም አካሄዳቸውን ያገኙት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ በመሆኑ፣ ፈርዝና ፊል እንግዳ ከመባል ይልቅ ቀደምት ቢባሉ ይሻላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱበት ወረራ የተባለው የሰንጠረዥ ሥርዓት እጅግ ደስ ይለኛል፤ ለጀማሪ ግን ተራ መጠበቅን ከለመደ በኋላ ቢቆይለት እመርጣለሁ።

የቡናው ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታየው በፊል ላይ ነው። ዓምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፣ ረድፎቹንም ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 8 ብለን ፊሉን ሲ1 ላይ ብናቆመው፣ ዕድሜ ልኩን የሚደርሰው ወደ ጂ1፣ ኤ3፣ ኢ3፣ ሲ5፣ ጂ5፣ ኤ7 እና ኢ7 ብቻ ነው፤ የቆመበትን ጨምሮ ከ64 ቤቶች ስምንቱን ማለት ነው። ኤፍ1፣ ሲ8 እና ኤፍ8 ላይ የሚቆሙት ሌሎቹ ሦስት ፊሎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስምንት ቤት አላቸው፤ አንዱ የሚረግጠውን ሌላው ፈጽሞ አይረግጠውም። ስለዚህ ፊል ፊልን ሊበላ አይችልም። ልጆቹ ይህን እኔ ሳልነግራቸው ከተደረደረው ቡና እንዲያነቡት አደርጋለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ዘላዮች ናቸው፤ እነሱንም በቁጥር ማስተማር ይቀላል። ፈረስ በአንድ አቅጣጫ አንድ፣ በሌላው ሁለት ቤት ቆጥሮ እንደሚያርፍ ሁሉ፣ ግመል አንድና ሦስት፣ የሜዳ አህያ ደግሞ ሁለትና ሦስት ይቆጥራል። ግመል የተነሣበትን ቀለም አይለቅም። ቀጭኔ አንድና አራት ስለሚቆጥር፣ 64 ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ የትም ቢቆም ከአራት ቤት በላይ ማስፈራራት አይችልም፤ ሰፊ ሰሌዳ ከሌለ ቢቀር ይሻላል።

እንግሊዛዊው የቼዝ እንቆቅልሽ ደራሲ ቶማስ ዶውሰን በ1925 ያመጣው ጋላቢ ፈረስ የፈረስን ዝላይ በአንድ አቅጣጫ ሳያጥፍ ይደጋግማል፤ ከኤ1 ተነሥቶ በቢ3 እና በሲ5 በኩል ዲ7 ይደርሳል። በመንገዱ የሚያርፍባቸው ቤቶች ባዶ መሆን አለባቸው፤ የሚዘላቸው ግን ቢያዙም ግድ የለውም።

ዶውሰን ከዚያ በፊት በ1913 ያስተዋወቀው ፌንጣ ግን ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ፌንጣ በንግሥት መስመሮች ሁሉ፣ በቀጥታም በሰያፍም፣ ያያል፤ ነገር ግን የሚዘለው ጠጠር ከሌለ አይንቀሳቀስም፣ ሲዘልም ከተዘለለው ጠጠር ቀጥሎ ባለው ቤት ላይ ብቻ ያርፋል። ኤ1 ላይ ቆሞ ኤ5 ላይ የማንም ወገን ጠጠር ካለ ኤ6 ላይ ያርፋል፤ በዚያ ቤት የተቃራኒ ጠጠር ካገኘ ይበላዋል፣ የተዘለለው ግን ምንም አይሆንም። በእንቆቅልሽ ሥዕሎች የሚታየው ተዘቅዝቃ የቆመች ንግሥት መስሎ ስለሆነ፣ እኔም ቆርኪውን ትቼ ንግሥቷን ገልብጬ አቆማታለሁ። በዲ1 ቦታ ሲቆም ገና ከመጀመሪያው ወታደሮቹን ዘልሎ ወደ ቢ3፣ ዲ3 ወይም ኤፍ3 መውጣት ይችላል። ልጆች የሚቸገሩት ፌንጣ ቼክ ሲል፣ ማለትም ንጉሡን ሲያስፈራራ፣ ነው፤ ንጉሡ ከመሸሹ ወይም ፌንጣው ከመበላቱ በቀር መውጫ ያለ አይመስላቸውም። የተዘለለው ጠጠር የራሳቸው ከሆነና ከመስመሩ ገለል ማለት ከቻለ ግን ቼኩ ይጠፋል። ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ብሰጥም አይቆጨኝም።

የቻይናው ቼዝ መድፍ ከፌንጣ ጋር ይዛመዳል። ሲሄድ ልክ እንደ ሩክ ነው፤ ሲበላ ግን በመካከል አንድ ጠጠር፣ ከአንድ ያላነሰና ያልበለጠ፣ መኖር አለበት፤ ከተዘለለው ወዲያ ያለው ርቀት ምንም ያህል ቢሆን ይፈቀዳል። በዚህ የተነሣ የመድፍ ቼክ በመካከል ሁለተኛ ጠጠር በማስገባትም ይከሽፋል። መድፍን በሩክ ቦታ እንዳያቆሙት አደራ እላለሁ፤ ኤ1 ላይ ያለው በመጀመሪያው ተራ ኤ2ን ዘልሎ ኤ7 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል፣ ኤ8 ላይ ያለው መድፍም በቅርበቱ ምክንያት መልሶ ሊበላው አይችልም። በንግሥቷ ቦታ ቢቆም ግን ዲ7 በንጉሡ፣ በቢሾፑና በፈረሱ ስለሚጠበቅ እንዲህ ያለ ችግር የለም።

ሁለት አካሄድ ያጣመሩት አጭር ማብራሪያ ይበቃቸዋል። ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ 80 ቤት ላለው ሰሌዳ ሩክና ፈረስን፣ እንዲሁም ቢሾፕና ፈረስን ያጣመሩ ሁለት ጠጠሮችን አቅርቦ ነበር። ንግሥትና ፈረስን ያጣመረው አማዞን ግን ብቻውን ማት (ንጉሡ የማያመልጥበትን ቼክ) ይሰጣል፤ ንጉሡ ኤች8፣ አማዞኑ ኤፍ6 ላይ ሲሆኑ ጂ7፣ ጂ8 እና ኤች7 ሁሉም ስለተያዙ መሸሻ የለም። በዚህ ምክንያት በሙሉ ጨዋታ አላስገባውም፤ ማት ለማስተማር ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ጠጠር በአንድ ዓይነት ቦታ መተካቱን ማረጋገጥና ሁለት ነገር ጽፎ መስማማት ያስፈልጋል። አንደኛው ካስሊንግ (ንጉሡና ሩኩ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት) የሚፈቀደው ከሩክ ጋር ብቻ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው የመጨረሻው ረድፍ የደረሰ ወታደር ወደ ምን እንደሚለወጥ ነው። እኛ ጨዋታው ሲጀመር በሰሌዳው ላይ ወደነበረ ጠጠር ብቻ እንዲለወጥ እናደርጋለን፤ ፌንጣ በንግሥት ቦታ በገባበት ቀን ወታደሩ ፌንጣ መሆን ይችላል፣ ንግሥት መሆን ግን አይችልም።