የካባና የአሸዋ ፈቃድ ካርታ ላይ የምንሰራቸው ስህተቶች

ባህር ዳር ዙሪያ ግንባታ በበዛ ቁጥር ድንጋዩም አሸዋውም ገረጋንቲውም ከዚሁ ከአካባቢው ነው የሚወጣው፣ እዚያው ደግሞ የገበሬ ማሳ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ጣና አለ። ለድንጋይ ካባ ወይ ለአሸዋ ፈቃድ ጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ የምትስሏት ፖሊጎን፣ ማለት የቦታው ዙሪያ ቅርጽ፣ ስክሪን ላይ ቀጭን መስመር ትምሰል እንጂ መሬት ላይ የሰው ድንበር ናት። ስለዚህ እነዚህን ስህተቶች እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ከሁሉም የከፋው የዳተም፣ ማለት ኮኦርዲኔቱ የሚቆጠርበት መነሻ፣ ነገር ነው። ድሮ በ1:50,000 የታተሙት ቶፖ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል ዳተም ላይ ናቸው፣ ስልካችሁና ጋርሚን ጂፒኤሳችሁ ግን የሚሰጧችሁ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ነው፣ ሁለቱም ዩቲኤም (በሜትር የሚቆጠር የኮኦርዲኔት ስርዓት) ዞን 37 ስለሚሉ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፣ ኢስቲንጉ (ወደ ምስራቅ የሚቆጠረው) 6 አሃዝ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው) 7 አሃዝ፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር አይታይም። ልዩነቱ ግን እኛ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ነው። አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ላለ ካባ ከቆየ የፈቃድ ወረቀት ላይ አራት ኮርነር ገልብጬ ጂፒኤስ ውስጥ አስገብቼ ችካል ልተክል ሄድኩ። ህዳር ነበር፣ ጤፉ ደርሷል። ሦስተኛውን ችካል ስመታ አንድ እናት ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ካባው እኮ ያ ማዶ ያለው ነው፣ ይሄ የኔ ጤፍ ነው» አሉኝ። ተቆርጦ የተገመሰው ድንጋይ ከቆምኩበት በዓይን ይታያል፣ እኔ ግን የማየው ጂፒኤሱን ነበር። ችካሎቹን ነቅዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ያን ቀን ማሳቸው ላይ ባይኖሩ ኖሮ መሬታቸው ፋይል ውስጥ ካባ ተብሎ ይገባ ነበር፣ ይሄ እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

መፍትሄው ከባድ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ዳተሙ ካልተጻፈ ካርታው ላይ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ድልድይ ወይ ቤተክርስቲያን፣ ሄዳችሁ በጂፒኤስ ለክታችሁ አወዳድሩ። አዲንዳን ከሆነ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ መጀመሪያ 20137 (የአዲንዳን ዞን 37 ኮድ) ብላችሁ መድቡት፣ ከዛ ሪፕሮጀክት አድርጋችሁ፣ ማለት ቁጥሮቹን ራሳቸውን አስልታችሁ፣ ወደ 32637 (የደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37 ኮድ) ቀይሩት። ብዙ ሰው «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» የሚለውን ተጭኖ የጨረሰ ይመስለዋል፣ እሱ ግን ስሙን ነው የሚቀይረው እንጂ ነጥቡን ንቅንቅ አያደርገውም።

ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። ፈቃዱ ላይ 2012 ይላል፣ ባለሙያው ከመቆፈሩ በፊት የነበረውን መሬት ለማየት የፈረንጁን የ2012 ሳተላይት ምስል ያወርዳል፣ በቃ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። ሰኔ 30 ቀን 2016 የሚያበቃ ፈቃድ በፈረንጅ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። ሰንጠረዡ ላይ ሁለት ኮለም ክፈቱ፣ አንዱ በእኛ አንዱ በፈረንጅ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ስሙ ላይ ጻፉት።

የፊደሉን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል። አንዱ ዓባይ ብሎ ይጽፋል ሌላው አባይ፣ አንዱ ፀሐይ ሌላው ጸሀይ፣ ለእኛ አንድ ነው ለሶፍትዌሩ ግን የተለያየ ሰው ነው፣ ጆይን ስታደርጉ፣ ማለት ሁለት ሰንጠረዥ በስም ስታገናኙ፣ ግማሹ ባለፈቃድ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ ፋይል ደግሞ የኮለም ስም ከ10 ባይት በላይ አይይዝም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከሦስት ፊደል በኋላ ይቆረጣል። በሱ ፈንታ ጂኦፓኬጅ የሚባለውን ፋይል ተጠቀሙ፣ ጆይኑንም በፈቃድ ቁጥር እንጂ በስም አታድርጉት።

ስፋትን ዌብ መርካተር (የኢንተርኔት ካርታዎች የሚጠቀሙበት ፕሮጀክሽን) ላይ አትለኩ፣ በእኛ ላቲቲዩድ ወደ 4 በመቶ ይጨምርባችኋል። በስፋት ክፍያ የሚሰላ ከሆነ ያ የሰው ገንዘብ ነው።

የወንዝና የሐይቅ መስመር ላይ ደግሞ ቆም በሉ። ጉማራና ርብ ፎገራ ሜዳ ላይ ደለል እያመጡ መንገዳቸውን የሚቀይሩ ወንዞች ናቸው፣ ከድሮ ካርታ የተወሰደ የወንዝ ሌየር ላይ በፈር (በተወሰነ ርቀት ዙሪያውን የሚከብብ ክልል) ሰርታችሁ የአሸዋ ቦታ ብትሰጡ ወንዙ ራሱ አሁን እዛ ላይኖር ይችላል፣ ወይ ደግሞ አሸዋ የሚጭነው ሲኖ ያንኑ የድሮ መስመር ተከትሎ የሰው ሩዝ ማሳ ውስጥ ይገባል። ጣናም እንደዛው፣ ክረምት አልፎ መስከረም ጥቅምት ላይ ሞልቶ ግንቦት ሰኔ ላይ ይሸሻል፣ በምስራቅ በኩል ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ትንሽ ከፍታ ሲቀንስ ውሃው ብዙ ርቆ ይሄዳል። በግንቦት ምስል የተሰመረ ዳርቻ ላይ የቆመ በፈር ጥቅምት ላይ ውሃ ውስጥ ነው። የሞላበትን ወር መስመር ውሰዱ።

የወጣውን ድንጋይ መጠን በ30 ሜትር ዲኢኤም (አንዱ ነጥብ 30 ሜትር የሚሸፍን የከፍታ ካርታ) ለማስላት የሚሞክሩ አሉ፣ ከነዚህ አንዱ የሆነው ኤስአርቲኤም እኮ በ2000 በፈረንጅ የተነሳ ነው፣ ለአንድ ካባ አይሆንም። በድሮንም ቢሆን መሬት ላይ የተለካ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ከሌላችሁ ከቁፋሮ በፊትና በኋላ የተነሱት ሁለቱ ሰርፌሶች ከፍታቸው ላይገጥም ይችላል። አንድ ሄክታር ላይ የ1 ሜትር ስህተት 10,000 ሜትር ኩብ ነው፣ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ 625 ምልልስ። በዛ ልክ ሰው ሊከሰስ ወይ ሊያመልጥ ይችላል።

መጨረሻ የመልሶ ማልማቱ ክትትል። መስከረም ላይ ኤንዲቪአይ (ከሳተላይት ምስል የሚሰላ የአረንጓዴነት መለኪያ) ሰርቶ አረንጓዴ አየሁ መሬቱ አገገመ የሚል ሪፖርት አይቻለሁ፣ መስከረም ላይ ምኑ አረንጓዴ ያልሆነ አለ? አረምም አረንጓዴ ነው፣ ባህር ዛፍም አረንጓዴ ነው፣ ጣና ዳር ከሆነ እንቦጩም አረንጓዴ ነው። የአንድ ዓመት የካቲትን ከሌላ ዓመት የካቲት ጋር አወዳድሩ፣ ከዛ ሄዳችሁ እዩ፣ መጀመሪያ ተገፎ የተከመረው የላይኛው አፈር ተመልሷል ወይ፣ ገደሉ ተዳፋት ተደርጓል ወይ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ 678/2002 ለዚህ ሥራ ገንዘብ መመደብን ግዴታ ያደረገው ቅጠል ለማሳየት አይደለም። በተለይ ነሐሴ ላይ ሂዱ፣ ደመና ስለሚሸፍነው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ብዙ አያሳያችሁም። ያልተሞላው ጉድጓድ ያን ጊዜ ውሃ ይይዛል፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ይዋኙበታል። ጥልቀቱን ለኩ፣ ነጥቡን ውሰዱ፣ ካርታው ላይ በቀይ አስገቡት፣ ሳይታጠርም ፋይሉን አትዝጉ።