ከድሬ ወደ ጅቡቲ ስትጭን ሰዓትህን ከየት ትቆጥራለህ?

አብዛኛው ሹፌር ድካሙን የሚቆጥረው ሞተር ካስነሳ ጀምሮ ነው። «ገና ሦስት ሰዓት ነው የነዳሁት» ይልሃል። አቦ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተህ ጭነት ስትጠብቅ፣ ወረቀት ስታስጨርስ፣ ሸራ ስታስር ውለህ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከወጣህ፣ መሪ ሳትይዝ ገና 14 ሰዓት ነቅተሃል። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ 17 ይሞላል። 17 ሰዓት የነቃ ሰው ንቃቱ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለው ሰው ይወርዳል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.1 በመቶ ይጠጋል። ሳትጠጣ ሰክረሃል ማለት ነው።

ስለዚህ የነቃህበትን ሰዓት ስልክህ ላይ ጻፍ። 16 ሰዓት ሳይሞላ መኪናው መቆም አለበት፣ የትም ሁን። የአሜሪካ ሕግም የሚያየው መንዳቱን ብቻ አይደለም፦ 10 ሰዓት አርፈህ ቢበዛ 11 ሰዓት ትነዳለህ፣ እሱም ሥራ ከጀመርክ በ14 ሰዓት ውስጥ፣ ወረፋ የጠበቅክበትም ተቆጥሮ።

ሰውነት በራሱ የሚደክምበት ሰዓትም አለ። ዋናው ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋት 12 ነው፤ ቀን ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት (ድሬ በዚያ ሰዓት ጭር የምትለው በሙቀት ብቻ እንዳይመስልህ)። ሙቀት ሽሽት ሌሊት መንዳት ለጎማም ለሰውም ይቀላል፣ አልክድም። ግን ከቻልክ ማታ በጊዜ ተኛና ንጋት 11 ሰዓት ላይ ውጣ። በደወሌ በኩል እስከ ድንበር ወደ 220 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፀሐዩ ሳይከር አብዛኛውን ትጨርሰዋለህ።

ጫቱስ? እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ ተጠራቅሞ ይመጣል፣ ልተኛ ስትል ደግሞ አያስተኛህም፣ የነገው ጉዞ በባዶ እንቅልፍ ይጀመራል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጮህም እንደዚያው ነው።

የሚሠራው ይሄ ነው። ዓይንህ ሲከብድ ወይም ያለፍከው መንገድ ትዝ አልልህ ሲል ጥግ ያዝ፣ ቡና ጠጣና ወዲያው 20 ደቂቃ ተኛ፤ ረዳትህ መኪናውን ይጠብቅ። ቡናው ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ ስትነሳ ይደርስልሃል። ከነቃህ በኋላ ግን ወዲያው አትንዳ፣ ጎማ እያየህ ትንሽ ተንቀሳቀስ። በ80 ፍጥነት አራት ሴኮንድ ካንቀላፋህ ወደ 90 ሜትር ማንም ሳይነዳው ይሄዳል።

ከሐረር ወይ ከቁልቢ በኩል ጭነህ የምትመጣ ከሆነ ደንገጎን ከመውረድህ በፊት እዚያው ላይ እረፍ። «ድሬ ደረስኩ እኮ» ብለህ ደክሞህ አትውረደው፣ ያ ቁልቁለትና ጥምዝምዝ እንቅልፍ አይወድም።

ባለንብረቱ «መቼ ትደርሳለህ?» ሲልህ እንቅልፍህን ጨምረህ መልስ። ጭነቱ 6 ሰዓት ከዘገየ መድረሻውም 6 ሰዓት እንደሚገፋ ከመውጣትህ በፊት ንገረው፤ መንገድ ላይ ሆነህ በስልክ አትከራከር።