ለእግረኛ መንገድ ከባለቤቶች ገንዘብ ስትሰበስቡ፦ ብር ከመጥራታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ደሴ ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውኃ መንገዱን ይይዘዋል፣ እግረኛው መሄጃ ያጣል። እናቶች ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው የሰው አጥር ይዘው ነው ዳገቱን የሚወጡት። ስለዚህ ሰፈሩ «አዋጥተን በየደጃችን ድንጋይ እናስነጥፍ» ካለ ደግ ነገር ነው። ጸቡ የሚመጣው ማን ስንት ይክፈል ሲባል ነው።

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። ስፋቱን፣ የቦዩን ቦታና ከተማው የሚሸፍነውን ድርሻ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ የውኃ ቧንቧ የሚቀብር ካለ አስቀድሞ እንዲቆፍር ለምኑ፣ ካስፈለገም ተመላለሱ። እኛ ሰፈር ይህን ስላላደረግን አዲሱ ንጣፍ ዓመት ሳይሞላው ተቆፈረ፣ ድንጋዩም እንደነበረ አልተመለሰም፤ ያዋጡት ሰዎች ፊት እስካሁን አይረሳኝም።

ቀጥሎ ሜትር ይዛችሁ በየበሩ ዙሩ። የሚለካው የግቢው ፊት፣ ማለትም ከመንገዱ ጋር የሚዋሰንበት ርዝመት ነው። ባለቤቱ ቆሞ እያየ ለኩ፣ እዚያው ጻፉ፣ አስፈርሙ። ለምሳሌ የነዋሪው ድርሻ 600,000 ብር፣ የሁሉም ፊት ተደምሮ 300 ሜትር ከሆነ ለአንድ ሜትር 2,000 ብር ይደርሳል። 8 ሜትር ያለው 16,000፣ ሱቅ ደርድሮ 30 ሜትር የያዘው 60,000 ይከፍላል። በየቤቱ እኩል ይከፈል የሚለው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፣ ግን ጠባቧን ቤት ይጎዳል።

የማዕዘን ቤት በሁለት በኩል መንገድ ስላለው ሁለቱንም ሙሉ ማስከፈል ከባድ ነው። እኔ ረጅሙን ሙሉ፣ አጭሩን በግማሽ ቁጠሩ እላለሁ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ተከራዩን አትያዙ፤ ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ድርሻውንም ከሚያስተዳድረው ቢሮ በደብዳቤ ጠይቁ። ባለቤቱ ዓረብ አገር ከሆነ ራሱን በስልክ አነጋግሩት እንጂ ቤት ጠባቂውን አታስጨንቁ።

አሁን ዋናው ነገር። መክፈል የማይችል ሰው አለ። ማን እንደሆነ የቅሬው (የእድሩ) ዳኛ ያውቃል፣ ከስብሰባው በፊት ለብቻው ጠይቁት። የእነዚህ ሰዎች ፊት ተደምሮ 20 ሜትር ቢሆን 600,000ውን ለ280 ሜትር ታካፍላላችሁ፣ በሜትር የሚጨምረው 143 ብር ገደማ ነው። ስብሰባ ላይ ይህን ጭማሪ ተናገሩ፣ ስም ግን እንዳይነሳ። አንዲትን አሮጊት ሰው ፊት «አልከፈሉም» ማለት ነውር ነው።

ኮሚቴ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፣ የምትሰበስቡት በስምምነት ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሁሉም ይፈርም፣ ክፍያውም በሦስት በአራት ዙር ይሁን። ገንዘቡ ሦስት ሰው በሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጥ። የቅሬውን የለቅሶ ገንዘብ በብድር ስም እንኳ እንዳትነኩ።

ድንጋዩን ለሚያነጥፉት ልጆች የመጨረሻውን ክፍያ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ያዙ፣ ይህንንም ውሉ ላይ አስገቡ። ዝናቡ ሲያባራ ወጥታችሁ እዩ። ውኃ ያቆረበት ቦታ ላይ ከሥር ያለው አሸዋ ሰጥሟል፣ ቀሪውን ሳትከፍሉ እሱን አንስተው ያስተካክሉ።