«ሁሉንም ኖ በል»፦ ወደ አሜሪካ ጦር ሲገቡ በጤና ታሪክ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ዳላስ፣ ሀበሻ በተሰበሰበበት ስለ ሚሊታሪ ወሬ ከተነሳ አንድ ምክር አይጠፋም። «ሜፕስ ስትሄድ ሁሉንም ኖ ብለህ ሙላ። ዝም ካልክ ማንም አያውቅብህም።» መካሪው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዩኒፎርም ለብሶ አያውቅም።

ሜፕስ ተመዝጋቢው ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ በፊት የሚመረመርበት ጣቢያ ነው። የዲሲ አካባቢ ልጆች የሚሄዱት ሜሪላንድ ውስጥ ፎርት ሚድ ወዳለው ነው። ደምና ሽንት ይሰጣል፣ ጆሮ ይለካል፣ ዓይን ይታያል። ከዚያም በውስጥ ልብስ ቁጢጥ ብሎ እንደ ዳክዬ መራመድ አለ። ይህን ሁሉም ስቆ ያልፈዋል። ሰው የሚሰናከለው የጤና ታሪኩን የሚሞላበት ፎርም ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ለልጆቹ ብቻ አይደለም፣ ለእናቶችም ነው። ልጁ በአምስት ዓመቱ ምን እንደታመመ የምታውቀው እናት ናት።

ሪክሩተሩን እንደ ዘመድ ማመን

ሪክሩተሩ፣ ማለትም ለጦሩ ሰው የሚመለምለው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ስልክ ያነሳል፣ በመኪናው ያደርሳችኋል፣ እናታችሁን «ማም» እያለ ያከብራል። ግን የሚጠበቅበት የምልምል ቁጥር አለ። «ይቺን አትጻፋት፣ ነገር ታረዝማለች» ሊል ይችላል። ሲል ደግሞ በቃል እንጂ በጽሑፍ አይደለም። ነገሩ ሲወጣ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ካለ ምስክር የላችሁም። የሕክምና ታሪክ ደብቁ ብሎ መምከር ለእሱም የተከለከለ ነው። ጥሩ ሪክሩተር «ወረቀቱን አምጣና እንላከው» ይላል። ካላለ ሌላ ቢሮ አለ፤ ሪክሩተር መቀየር ነውር አይደለም።

ፎርሞቹ ዲዲ 2807-2 እና ዲዲ 2807-1 ይባላሉ። የመጀመሪያው ከሪክሩተሩ ጋር ቀድሞ የሚሞላ ነው። ሁለተኛው የጤና ታሪካችሁን በዝርዝር ይጠይቃል። እሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፦ በሐሰት ለሚሞላ እስከ 5 ዓመት እስር፣ ወይም 10,000 ዶላር፣ ወይም ሁለቱም። ከሥሩ የሚሰፍረው ፊርማ የናንተ ነው።

«ኮምፒውተር ላይ የለም» ብሎ መተማመን

ድሮ ያልተነገረ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ከ2022 ወዲህ ግን ሜፕስ ኤምኤችኤስ ጄኔሲስ የሚባል የጤና መዝገብ ሥርዓት ይጠቀማል። ይህ ሥርዓት ከሲቪል ሆስፒታሎችና ፋርማሲዎች የሚመጣ መረጃ ያያል። ዘጠነኛ ክፍል ሳላችሁ የታዘዘላችሁ ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ስክሪኑ ላይ ሊኖር ይችላል። ሁሉንም ይዞ ይመጣል ማለት አይደለም። ግን የቱን እንደያዘ አታውቁም።

ሌላም ጣጣ አለ። መዝገባችሁ ላይ እናንተ የማታውቁት ነገር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ብሮንካይት ይዟችሁ ሳል ሲበረታ ሐኪሙ ኢንሄለር ለማዘዝ «አስም» ብሎ ጽፎ ይሆናል። እናንተ በቅንነት «አስም የለብኝም» ትላላችሁ፤ መዝገቡ አለ ይላል። ስለዚህ ሪክሩተር ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት የራሳችሁን መዝገብ ጠይቃችሁ አንብቡ። የአሜሪካ ሕግ ይህን መብት ሰጥቷችኋል። ስልካችሁ ላይ የሕክምና መዝገብ የሚያሳየው ማይቻርት የሚባል አፕ ካለ ደግሞ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

አስምን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በመመሪያው መሠረት ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ የታየ አስም ያለ ልዩ ፈቃድ አያስገባም። ቤዚክ ትሬኒንግ በሚባለው የመጀመሪያው የጦር ሥልጠና ላይ ምልምሎች አስለቃሽ ጋዝ ወደተሞላ ክፍል ገብተው ጭምብላቸውን እንዲያወልቁ ይደረጋሉ። ጤነኛው ሰው እንኳ ንፍጡን እያዝረበረበ ነው የሚወጣው። አስሙን የደበቀ ልጅ ደረቱ እዚያ ሲዘጋ ኢንሄለሩ ኪሱ ውስጥ የለም። አጠገቡ ያለውም ምን እንደሆነ አያውቅም።

ወጌሻና ጸበል አይቆጠርም ማለት

ይህ የኛ የራሳችን ስህተት ነው። ፎርሙ «ሐኪም ምን አለህ» ብሎ ብቻ አይጠይቅም። «አጥንትህ ተሰብሮ ያውቃል? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? አንቀጥቅጦህ ያውቃል?» ነው የሚለው። እኛ ደግሞ ካርድ ያልወጣበትን ሕመም ሕመም አንለውም።

አንድ ልጅ እናስብ። በዘጠኝ ዓመቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ ጎተተው፣ አሸው፣ በቀርከሃ አሰረው። በወር ከምናምኑ ተፈታ። ራጅ የለም፣ ካርድ የለም። ልጁም ረስቶታል። ፎርሙ ላይ «ኖ» አለ። ሜፕስ ላይ ሐኪሙ «ሁለት እጅህን ዘርጋ፣ መዳፍህን ወደ ላይ» ሲለው ቀኙ ቀጥ አለ፣ ግራው ክርን ላይ ትንሽ ቀረ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ ምንድነው?» አለው። ልጁ «ኦ፣ ልጅ ሆኜ ተሰብሮ ነበር» አለ። አሁን ክርኑ ራሱ ላያስጥለው ይችላል። ግን ሐኪሙ ፎርሙን ገልብጦ ሌሎቹን «ኖ»ዎች አንድ በአንድ እንደገና ይጠይቃል። በዚያ ቀን ያ ልጅ ምንም ቢናገር በጥርጣሬ ነው የሚሰማው።

ከዚህ የሚከብደው የሚጥለው ነው። ልጅቷ በልጅነቷ ትወድቅ ነበር፣ «ቡዳ ነው» ተብሎ ጸበል ተወሰደች፣ ተሻላት፣ ተረሳ። ጸበሉን አላቃልልም። ፎርሙ ግን ምን እንዳዳናት አልጠየቀም፤ ወድቃ እንደሆነ ነው የጠየቀው። ከስድስተኛ ዓመት ልደት በኋላ የተከሰተ የሚጥል ሕመም በጥብቅ የሚታይ ነገር ነው። የቆየና መድኃኒት የማይፈልግ ከሆነ ግን በምርመራ የሚታለፍበት መንገድ አለ። የሚጻፈውም ቀላል ነው፦ «በ10 ዓመቴ ሁለት ጊዜ ራሴን ስቼ ወድቄአለሁ። ሐኪም አላየኝም። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።» የበሽታ ስም እናንተ አትስጡት፤ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የነርቭ ሐኪም እንዲያያችሁ ይጠየቅ ይሆናል፣ ይታይ። ጠመንጃ ይዞ ወይም ሃምቪ የሚሉትን የጦር መኪና እየነዱ ከመውደቅ ይሻላል።

ጠባሳም አለ። ሜፕስ ላይ ጠባሳና ንቅሳት ይመዘገባል። ቅንድብ ላይ ለዓይን ሕመም የተበጣ፣ ደረት ላይ በምላጭ የተነካ ብዙ ልጅ አለ። የኛን አገር የማያውቅ ሐኪም ተርታውን የተሰለፉ የምላጭ ጠባሳዎች ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው «ራሱን ይቆርጥ ነበር» ነው። ይህ ደግሞ ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። እሱ ሳይጠይቃችሁ «በሕፃንነቴ የተደረገ የባህል ሕክምና ነው» በሉት። እንጥል የተቆረጠም እንዲሁ።

የኛን ዘመን አቆጣጠር እንዳለ መስጠት

ካገር ቤት የመጣ የሕክምና ወረቀት ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑ ግን ብዙ ጊዜ የኛ ነው። 12/03/2005 የሚል ካርድ ኅዳር 12 ቀን 2005 ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 21፣ 2012። አሜሪካዊው ሲያነበው ዲሴምበር 3፣ 2005 ይለዋል። የሰባት ዓመት ልዩነት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የተወለደ ልጅ በዚህ ስሌት አስሙ በሰባት ዓመቱ የነበረ ይመስላል፣ በእውነት ግን 14 ዓመቱ ላይ ነው። አንዳንዱ «ጠቀመኝ» ብሎ ዝም ይላል። ኋላ ሌላ ወረቀት ሲመጣ ግን ቀኑን ያጭበረበረ ይመስላል። ከወረቀቱ ጋር የተቀየረውን ቀን የሚያስረዳ ገጽ አያይዙ።

ወረቀቱን ማስመጣት ራሱ ሥራ ነው። ካርድ ቁጥሩን የያዘ ዘመድ ካርድ ክፍል ሄዶ ይሰለፋል፣ ሐኪሙ የሕክምና ማስረጃ ይጽፋል፣ ማህተም ይደረግበታል። የሜፕስ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። ለዲቪ ወይም ለቤተሰብ ቪዛ ስትመጡ የተደረገውን የጤና ምርመራም አትርሱ። ያኔ የተናገራችሁትና አሁን የምትናገሩት መግጠም አለበት።

ቲቢን መፍራት

አገር ቤት የተወለደ አብዛኛው ልጅ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተከትቧል። ክንድ ላይ ያለችው ጠባሳ እሷ ናት። በዚህ ምክንያት የቆዳው ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የደሙ ምርመራ ግን በቢሲጂ አይታለልም። የተኛ፣ ማለትም ሳያሳምም ሰውነት ውስጥ ያለ ቲቢ ተገኝቶባችሁ መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ከሆነ፣ የጨረሳችሁበትን ወረቀት አቅርቡ። መድኃኒት ጨርሶ መደበቅ ከሁሉም የማይገባኝ ነው። የሚያስመሰግን ነገር ይዘው እንደ ሌባ ይሸሸጋሉ።

የአእምሮ ጤናን እንደ ነውር መደበቅ

ፎርሙ ስለ ካውንስሊንግ፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ራስን ስለ ማጥፋት ሙከራ ይጠይቃል። በጦርነት ወይም በስደት መንገድ ያለፈ ልጅ እዚህ ላይ ብዕሩ ይቆማል። እናትና አባት ሲለያዩ ትምህርት ቤት ካውንስለር ጋር ጥቂት ጊዜ መቀመጥ ብቻውን በር አይዘጋም። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ግን አለ። መድኃኒት የሚወስድ ካለ አንድ ነገር አደራ፦ ለመመዝገብ ብላችሁ ሐኪም ሳያውቅ አታቁሙ። ከመግባት አለመግባታችሁ በፊት ሕይወታችሁ ይቀድማል።

«ጫት ዕፅ አይደለም»

አገር ቤት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከተከለከሉት ዕፆች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። ማሪዋናም ሜሪላንድ ፈቀደ ብላችሁ አትሳሳቱ፣ ጦሩ የፌዴራል ነው። የሽንት ምርመራም አለ። ስለ ዕፅ ስትጠየቁ መቼና የት እንደነበር በትክክል ተናገሩ።

ንስሐ መግባት

ተቃራኒው ስህተትም አለ። አንዳንዱ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ይደነግጥና ለሁሉም «የስ» ይላል። ለፈተና ሲጨነቅ እንቅልፍ ያጣውን «የእንቅልፍ ችግር»፣ ጓደኛው ሲሞት ያዘነውን «ዲፕሬሽን» ብሎ ይጽፋል። ማንም ሐኪም ያልሰጠውን ምርመራ ራሱ ላይ ይለጥፋል። ያ ደግሞ መዝገብ ላይ ይቀራል፣ ለማስነሳትም ወራት ይፈጃል። የተጠየቃችሁትን መልሱ። የሆነውን፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን ሕክምና እንደተደረገ፣ አሁን እንዴት እንደሆናችሁ። አለቀ።

«አይሆንም» ሲባል ተስፋ መቁረጥ

ሜፕስ ላይ «አላለፍክም» መባል ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ጊዜያዊ አለ፤ ለምሳሌ የዓይን ሌዘር ቀዶ ጥገና ካደረጋችሁ መጠበቅ የሚገባችሁ ወራት አሉ። ቋሚም ቢሆን ዌቨር የሚባል ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል። ዌቨሩን የሚሰጠው ሜፕስ ሳይሆን የምትገቡበት ክፍል ነው። አርሚ (ምድር ጦሩ) እምቢ ያለውን ኔቪ (ባሕር ኃይሉ) ሊቀበል ይችላል። ዌቨር የማይሰጣቸው ሕመሞችም አሉ። ዝርዝሩ ይለዋወጣል፣ የአጎታችሁ ልጅ የገባበት ዘመን ደንብ ለናንተ ላይሠራ ይችላል። ዌቨር የሚቆመው በወረቀት ነው። የደበቀ ሰው ደግሞ ወረቀት የለውም።

«ከገባሁ በኋላ አለቀ» ማለት

በወታደራዊው ሕግ አንቀጽ 104ሀ በማጭበርበር መመዝገብን ወንጀል ያደርገዋል። በእርግጥ ብዙው ጉዳይ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አይደርስም፣ በአስተዳደር ውሳኔ ስንብት ነው የሚያልቀው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን ስንብቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በውትድርና ዜግነት የሚገኘው በክብር ካገለገሉ ነው። በዚያ መንገድ ዜጋ ሆኖ አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በመጥፎ ስንብት የወጣ ሰው ዜግነቱ ሊነሳ ይችላል። በዚያ ላይ የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 «ለአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣን ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ሜፕስ ላይ የተጻፈችው «ኖ» ሁለተኛ ውሸት ትወልዳለች።

«ብደብቅ ኋላ ከቪኤ የአካል ጉዳት ካሳ ለማግኘት ይሻለኛል» የሚልም ሰምቻለሁ፤ ቪኤ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት ነው። ስሌቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፦ ሲገቡ ያልተመዘገበ ሕመም በአገልግሎት ጊዜ እንደመጣ ይገመታል። ግን ግምቱ በግልጽ ማስረጃ ይፈርሳል፣ ያ የድሮ የፋርማሲ መዝገብ ደግሞ ማስረጃ ነው። ሲገቡ በሐቅ የተመዘገበ፣ ለምሳሌ የጉልበት ሕመምስ? ውትድርናው አባብሶት ከሆነ ለተባባሰው ካሳ ይጠየቅበታል።

ደብቀው ከሆነስ?

ፈርማችሁ ግን ገና ካልሄዳችሁ፣ ማለትም ዴፕ የሚባለው የመጠባበቂያ ጊዜ ውስጥ ከሆናችሁ፣ አሁኑኑ ለሪክሩተሩ በጽሑፍ አሳውቁ። ኢሜይሉን አስቀምጡት። ከዴፕ መውጣት እንደ ወታደር ስንብት አይቆጠርም። ማሪንና ኔቪ ሥልጠና ጣቢያ እንደደረሳችሁ «የእውነት ሰዓት» የሚሉት አላቸው፤ ያላወራችሁት ካለ ተናገሩ ይባላል። እዚያ መናገር ይከብዳል፣ ግን በኋላ ከመያዝ ይቀላል። አገልግሎት ላይ ያላችሁ ከሆነ ግን ለአለቃችሁ ከመናገራችሁ በፊት ለወታደሮች በነፃ የሚቆመውን የመከላከያ ጠበቃ አነጋግሩ። እሱ የሰማውን ለአለቃችሁ አያወራም።