የአልፋ ዱካ ቆጠራ ሲዛባ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች ውስጥ ሬዶን የተባለውን ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ለመለካት ሲአር-39 የተባለውን ጨረር መዝጋቢ ፕላስቲክ ለሚሰቅሉና የአልፋ ዱካዎቹን (የአልፋ ጨረር በፕላስቲኩ ላይ የሚተዋቸውን ጥቃቅን ምልክቶች) በማይክሮስኮፕ ካሜራና በኮምፒውተር ለሚቆጥሩ ባልደረቦች፣ ብዙ ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ የሚሳበበው ስህተት የሚጀምረው ከዚያ በፊት መሆኑን ማሳሰብ ይገባል።

እኩል ጨረር የተቀበሉ ሁለት ፕላስቲኮች የዱካቸው ስፋት ከተለያየ፣ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ኤቺንግ፣ ማለትም ዱካዎቹ ጎልተው እንዲታዩ ፕላስቲኩን በኬሚካል ማስበላቱ ነው። በብዛት የሚሠራበት 6.25 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ6 ሰዓታት ያህል ነው፤ ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ ቢል ፕላስቲኩ የሚበላበት ፍጥነት በጉልህ ይቀንሳል። እንደ ደሴ ባለ ደጋ ከተማ፣ መብራት ሲጠፋ ኤቺንግ የሚደረግበት የማሞቂያ ውኃ ሙቀት ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ፕላስቲኩ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይግባ፤ ውኃው ተኖ ውህዱ እንዳይጠነክር ይከደን። መብራት ከተቋረጠ ግን ሰዓቱን በግምት ማራዘም አይበቃም፤ ፕላስቲኩን ከኤቺንግ በፊትና በኋላ አድርቆ በመመዘን፣ የጎደለውን ክብደት ለሁለቱ ፊቶች ጠቅላላ ስፋትና ለፕላስቲኩ ጥግግት ማካፈል የተበላውን ውፍረት ያሳያል። ይህንን ቁጥር ሳይዙ የዱካ ስፋት ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ቆጠራው ከተገመተው በላይ ከሆነ፣ ጭረትና አቧራ እንደ ዱካ ተቆጥረው ይሆናል። በማይክሮስኮፑ ሲተኮርበት እውነተኛ ዱካ ጠርዙ ጥቁር፣ መሐሉ ግን ብሩህ ነው፤ አቧራ ይህ የለውም። ፕላስቲኩን በመጨረሻ በተጣራ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል፤ የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ነጠብጣብ ይተዋል። ኢሜጅጄ (ImageJ) በተባለው የምስል መተንተኛ ፕሮግራም የክብነት መለኪያ 1 ፍጹም ክብን፣ ወደ 0 የሚጠጋው ረዘም ያለ ጭረትን ያመለክታል። ገደቡን ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን ጨረሩ ዘንበል ብሎ ሲገባ የተፈጠሩትን ሞላላ ዱካዎች ያስወጣል፤ የራሴ ምርጫ ገደቡን አላልቶ አጠራጣሪውን በዓይን ማጣራት ነው።

ቆጠራው ከተገመተው ካነሰና ዱካዎቹ ተደራርበው ከታዩ፣ ተደራራቢ ዱካዎችን የሚለየው የፕሮግራሙ ስልት አንዱን ሞላላ ዱካ ለሁለት ሊከፍል ስለሚችል፣ የሚሻለው በሚቀጥለው ልኬት የመስቀያውን ጊዜ ማሳጠር ነው። የምስሉ ጥግ ከጠቆረ ባዶ ፕላስቲክ ፎቶ አንስቶ መብራቱን ማስተካከል፣ ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ የምስሉን ልኬት በማይክሮሜትር መለኪያ ስላይድ እንደገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጨረር ያልተቀበለ የዚያው ምርት ፕላስቲክም አብሮ ይሠራና ቆጠራው ከሌሎቹ ይቀነስ።