በግን በጭድ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ እንዴት ማድለብ ይቻላል?

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋም ሆነ በሰበታ ዙሪያ የግጦሽ መሬት የሌለው አርቢ፣ ከአውድማ የሚተርፈውን ጭድ፣ ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣውን ፉርሽካና ከዘይት መጭመቂያ የሚገኘውን የኑግ ፋጉሎ አቀናጅቶ በሦስት ወር ገደማ በግ ማድለብ ይችላል።

በመጀመሪያ ጭዱን ማዘጋጀት ነው። የጤፍ ጭድ ለስላሳ በመሆኑ በጎች ይወዱታል፤ ሆኖም ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን አያደልብም። የባቄላ ወይም የአተር ገለባ ከተገኘ መደባለቁ ይጠቅማል። ጭድ ለቤት ምርጊትም ስለሚፈለግ፣ አዝመራው እንደተወቃ ገዝቶ ዝናብ በማያገኘው ቦታ መከመር ይሻላል።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ፋጉሎው ነው። ከመግዛት በፊት ቁራሹን ሰብሮ ውስጡን ማየትና ማሽተት ያስፈልጋል፤ ላዩ ደህና መስሎ መሃሉ ሻጋታ የያዘ ፋጉሎ ያጋጥማልና። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በፀሐይ ማድረቅም ሆነ በማፍላት የማይጠፋ ሲሆን፣ በሚታለብ እንስሳ ወተት በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ የሻገተውን «ለበግ ምን አላት» ብሎ በቅናሽ መግዛት፣ በእኔ ግምት፣ ከኪሳራ ሌላ ትርፍ የለውም።

ደህናው ፋጉሎ በሙቀጫ ከደቀቀ በኋላ፣ ሁለት እጅ ፉርሽካ ከአንድ እጅ ፋጉሎ ጋር ተደባልቆ ጥቂት ጨው ይጨመርበታል። በጎቹ የውስጥ ጥገኛ ትላትል መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ፣ ለእያንዳንዳቸው በቀን 100 ግራም ያህል በመስጠት ይጀመርና በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 300 ግራም ከፍ ይደረጋል፤ ይህም ጠዋትና ማታ ተከፍሎ ይቀርባል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተሰጠ ሆዳቸው ይነፋል፣ ያስቀምጣቸዋልም። ጭዱና ንጹሕ ውኃው ግን ሳይለካ ዘወትር ፊታቸው መገኘት አለበት።

የጠላ አተላ በዕለቱ ከተገኘ ከጭድ ጋር ሊሰጥ ይችላል። የአረቄ አተላ ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣና አልኮል ስለሚቀርበት፣ በደንብ ቀዝቅዞ በጥቂቱ ብቻ መሰጠት ይኖርበታል። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው እርጥብ የገብስ ተረፈ ምርት ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ስለሆነና ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ከሩቅ አስጭኖ ማምጣት አያዋጣም።

በየሁለት ሳምንቱ የበጉን ወገብ በእጅ መዳበስ ተገቢ ነው፤ የአከርካሪው አጥንት በጣት ተጭነው ካልፈለጉት በቀር የማይገኝ ሲሆን በጉ ለገበያ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰጠው መኖ በአብዛኛው ወደ ጮማ ስለሚለወጥ ወጪውን ላይመልስ ይችላል።